የሞት ፍርድ ከየት መጣ? ቅን ፍርድስ ነውን?

የሰው ደም ያፈሰሰ ሰው ደሙ ይፍሰስ የሚለው ፍርድ ከሰው ልጅ ታሪክ ጋራ አብሮ ያረጀ ነው። ዛሬም ቢሆን አንድ ከባድ ግፍ በተሰማ ቁጥር፥ ይልቁንም ግፉ በሕፃን ወይም በአቅመ ደካማ ላይ የተፈጸመ እንደ ሆነ፥ በየማዕዱ፥ በየለቅሶ ቤቱና በየመንገዱ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ይሰቀል!» ይባላል። ይህን ቃል የሚናገሩት ክፉዎች አይደሉም። ልባቸው የቈሰለ፥ ልጆቻቸውን የሚወዱ፥ ጾምና ጸሎት የሚያውቁ ክርስቲያኖች ናቸው። ልጆችም በአጠገባቸው ተቀምጠው ይሰማሉ፤ የሰሙትንም ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይመጣሉ።

እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ዳዊት ደግመን፥ ዲቁና ተቀብለን፥ ኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምረን ዛሬ በመምህርነት የምንኖር ነን። ታሪክ በምናስተምርበት ክፍል አንድ ቀን አንድ ተማሪ ተነሥቶ «አትግደል የሚለው ትእዛዝ ለሁሉ ከሆነ፥ ዳኛ የሰው ነፍስ እንድትጠፋ የሚያዝዘው በማን ሥልጣን ነው?» ሲል ጠየቀን። ገና መልስ ሳንሰጠው ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «የተገደለው የአንተ ወንድም ቢሆንስ እንዲህ ትላለህን?» አለችው። ሁለቱም የእውነት ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ሰው ነገሩን በግማሽ ያየ ነው። ስለዚህ የሞት ፍርድ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፥ ቅን ፍርድም መሆን አለመሆኑን፥ መጻሕፍት ካስተማሩንና ራሳችን ካየነው ጋራ አገናዝበን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

የመጀመሪያው ነፍሰ ገዳይ ቃየል እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዳሩ ግን የፈረደበት ዳኛ እግዚአብሔር ራሱ ሆኖ ሳለ ቃየል በሞት እንዳልተቀጣ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ተቅበዝባዥ ሆኖ እንዲኖር ተፈረደበት፤ ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለውም ምልክት ተደረገለት። ከቃየል ዘር የተወለደው ላሜሕ ግን ስለ አንድ ቍስል ሰባ ሰባት ጊዜ እንደሚበቀል በሚስቶቹ ፊት ፎከረ። እንግዲህ በኋላ ዘመን ሙሴ ስለ አንድ ዐይን አንድ ዐይን፥ ስለ አንድ ነፍስ አንድ ነፍስ ብሎ ሲደነግግ፥ ብዙ ሰው እንደሚመስለው በቀልን ማስፋቱ ሳይሆን ማጥበቡ ነበረ። ለሰባ ሰባቱ ፉከራ ልጓም አገባለት።

ከዚህም አልፎ ሕገ ኦሪት በሰይፉና በሰውየው መካከል ብዙ አጥር አቆመ። በአንድ ሰው ምስክርነት ብቻ ማንም እንዳይሞት ከለከለ። ሞት በተፈረደበት ሰው ላይ መጀመሪያ እጁን የሚያነሣው ራሱ የመሰከረው ሰው እንዲሆን አዘዘ፤ ይኸውም መስካሪው ቃሉ የሚያደርሰውን ነገር አስቀድሞ እንዲያስብ ነው። ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደመኛው ሸሽቶ የሚጠጋባቸው ስድስት የመማጸኛ ከተሞችም ተለዩ። በዚያ የደረሰ ሰው በማኅበሩ ፊት ቆሞ ነገሩ እስኪመረመር ድረስ ደመኛው አይነካውም ነበር።

ሆኖም አጥሩ ሁሉ ቢቆምም ስሕተት ይገባል። የሶስናን ታሪክ እናስታውስ። በባቢሎን ሁለት የከበሩ ሽማግሎች፥ እነርሱም ዳኞች፥ በንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት መሰከሩ። ሕጉ የሚጠይቀው የምስክር ቍጥር ተሟልቷል፤ ጉባኤውም አምኖ ሞት ፈረደባት። ከሞት ያዳናት ሕጉ ሳይሆን ወጣቱ ዳንኤል ነው፤ «ቈዩ፥ ነገሩ እንደ ገና ይመርመር» ብሎ ጮኸ፤ ምስክሮቹንም ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። የዳንኤል ጥበብ ሁሉ ጥቂት ጊዜ መለመን ነበረ። ያን ጥቂት ጊዜ ባይሰጡት ኖሮ ሶስና ሕግ ተጠብቆ፥ ምስክር ተሟልቶ፥ በቅን ጉባኤ ፊት በግፍ በሞተች ነበር።

ወደ ሌሎች ሕዝቦች ታሪክ ብንመለከትም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። በባቢሎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ሐሙራቢ ባስቀረጸው ሕግ፥ ግንበኛ የሠራው ቤት ፈርሶ የባለቤቱን ልጅ የገደለ እንደ ሆነ የግንበኛው ልጅ ይገደል ነበር። በዚያ ዘመን ሚዛኑ ከተስተካከለ ፍርዱ ቅን ነው ይባል ነበርና ምንም ያላጠፋ ልጅ የአባቱን ዕዳ በነፍሱ ከፈለ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሞት የሚያስቀጡት ወንጀሎች ከ200 በላይ ነበሩ፤ አምስት ሺልንግ የሚያወጣ ዕቃ ከሱቅ የሰረቀ ሰው እንኳ ሊሰቀል ይችል ነበር። በ1764 እ.ኤ.አ. ቤካሪያ የተባለ የሚላኖ ሰው ስለ ወንጀልና ቅጣት በጻፈው መጽሐፍ የሞት ቅጣትን በግልጽ ተቃወመ። ከ22 ዓመት በኋላም የቶስካና መስፍን ሌዎፖልድ የሞት ቅጣትን ከአገሩ ሕግ ፈጽሞ አስወገደ።

በእንግሊዝ አገር የሆነው ሌላ ነገር ግን የሶስናን ታሪክ ያለ ዳንኤል ያሳየናል። በ1950 እ.ኤ.አ. ጢሞቴዎስ ኤቫንስ የሚባል፥ ማንበብና መጻፍ እንኳ በቅጡ የማያውቅ ወጣት ሕፃን ልጁን ገድለሃል ተብሎ በለንደን ተሰቀለ። በላዩ ከመሰከሩት ዋነኛው በአንድ ቤት አብሮት የሚኖር ክሪስቲ የተባለ ጐረቤቱ ነበረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በዚያው ቤት ውስጥ የብዙ ሴቶች ሬሳ ተገኘ፤ ገዳዩም ያው ምስክር ክሪስቲ ሆኖ ተገኘ። በ1966 እ.ኤ.አ. ንግሥቲቱ ለኤቫንስ ምሕረት አደረጉለት። ምሕረቱ ግን የደረሰው ለመቃብሩ ነው። እንግሊዞች ለነፍስ ግድያ ይፈረድ የነበረውን የሞት ቅጣት በ1965 እ.ኤ.አ. ካስቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነገር ነበረ። በአሜሪካም ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሞት ተፈርዶባቸው ከቈዩ በኋላ ከክሱ ነጻ የወጡ ሰዎች ቍጥር በ2024 እ.ኤ.አ. 200 ደርሷል። እነዚህ ፍርዱ ስለ ዘገየ በሕይወት የተገኙ ናቸው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ13ኛው መቶ ዓመት የግብጽ ክርስቲያን ሊቅ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ካሰናዳው መጽሐፍ ወደ ግእዝ የተተረጐመው ፍትሐ ነገሥት፥ ለብዙ ዘመን ቤተ ክህነትም ቤተ መንግሥትም የተዳኙበት፥ አስቦ የገደለውን ሳያስብ ከገደለው ይለያል፤ አስቦ በገደለው ላይም ሞትን ይፈርዳል። በቀድሞው ልማድ ገዳዩ ተፈርዶበት ለሟቹ ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ይገድሉት ወይም የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩት ነበር። ካህናትና ሽማግሎች በመካከል ገብተው ዋጋውን ተቀብለው እንዲምሩት ይለምኑ ነበር። ኋላም የሞት ፍርድ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እንዳይፈጸም ተደነገገ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሞት ቅጣት በስቅላት እንዲፈጸም ሲፈቅድ የንጉሠ ነገሥቱን ማጽናት ግን አላስቀረም። በ1953 ዓ.ም. በታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ምክንያት የተፈረደባቸው ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በአዲስ አበባ በአደባባይ ሲሰቀሉ ያዩ አረጋውያን ዛሬም በሕይወት አሉ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ አጥሩን ይበልጥ አጠበቀ። የሞት ቅጣት የሚፈረደው ፍጻሜ ባገኘ እጅግ ከባድ ወንጀል፥ ልዩ አደገኛ በሆነ ወንጀለኛ ላይ ብቻ እንዲሆን፥ ወንጀለኛውም ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን፥ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሳያጸናውም እንዳይፈጸም አዘዘ። በአደባባይ መስቀልንም ከለከለ። የታወቀው የመጨረሻ የሞት ቅጣት በአገራችን የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች ሞት ቢፈርዱም ሲፈጸም አልተሰማም። ሕጉ ግን ዛሬም በመጽሐፍ አለ።

አንባቢ እንደሚያስተውለው የሞት ፍርድ ታሪክ ሰይፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር፥ በየሽግግሩም ሲዘገይ የሚታይበት ታሪክ ነው። ከደመኛው እጅ ወደ ዳኛው፥ ከዳኛው ወደ ንጉሡ፥ ከንጉሡም ወደ ሰገባው እየተመለሰ መጥቷል። ይህ መዘግየት በሌለበት ጊዜ የሆነውንም አይተናል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰዎች፥ ከነርሱም መካከል ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩ፥ ያለ ምንም ፍርድ በአዲስ አበባ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ በ«ነጻ እርምጃ» ስም ስንት የድኻም የባለጸጋም ልጅ እንደ ወደቀ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስም በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። ፍርድ ቤት መኖሩ ብቻውንም አይበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስን በጥይት ያስደበደበው የጣሊያን የጦር ፍርድ ቤት ነው። ያ ፍርድ ቤት ወንጀለኛ ያላቸውን አባት አገራችንና ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት ብለው ያከብሯቸዋል። ከሁሉም በላይ፥ ጌታችን ራሱ የሞተው በአገረ ገዢ ፊት ቀርቦ፥ ምስክር ተሰምቶበት፥ ሕዝብ ይሰቀል ብሎ በጮኸበት ፍርድ መሆኑን ክርስቲያን ሊረሳው አይገባም።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርነውም። እኛ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለን፥ በተወለድንበት ገጠር፥ የእናታችን ወንድም ማታ ከገበያ ሲመለስ በወንዝ ዳር በጥይት ተመትቶ ተገኘ። ጠመንጃውም ተወስዷል። ከእርሱ ጋራ በእርሻ ድንበር የተጣላ አንድ ጐረቤት ነበረና ጣት ሁሉ ወደ እርሱ ተቀሰረ። በዚያ ምሽት ያን ጐረቤት በወንዙ ማዶ ሲሄድ አይተነዋል የሚሉ ሁለት ሰዎችም ተገኙ። አጎቶቻችን ጠመንጃቸውን አነሡ። አያታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ልጄን የበላ እህል ሲበላ አላይም» አለች።

የደብሩ አለቃና የአገር ሽማግሎች መስቀል ይዘው ከደጃፋችን ቆሙ። እኛም አዲስ ዲያቆን ነበርንና ከአለቃው ኋላ ቆመን እናይ ነበር። ማሩት አላሉም፤ አልገደለም ብለውም አልተከራከሩም፤ የሚያውቁት ነገር አልነበረምና። ያሉት «እስከ አርባው ድረስ ብቻ ታገሡን» ነው። ረጅም ሰዓት ከለመኑ በኋላ ታላቁ አጎታችን ሳይወድ በግድ እሺ አለ። በሠላሳ ሦስተኛው ቀን የሟቹ ጠመንጃ በሌላ ወረዳ ለሽያጭ ቀርቦ ተያዘ። የያዘው ሰው በገበያ መንገድ የሚያደባ ቀማኛ ሆኖ ተገኘ፤ በዳኛ ፊትም አመነ፤ ብዙ ዓመት እስራት ተፈረደበት። እነዚያ ሁለት ምስክሮችም ሐሰተኞች አልነበሩም። በምሽት ጋቢ ተከናንቦ የሚሄድ ሰው አይተው፥ ያ ሰው ሊሆን ይችላል ብለው ያሰቡትን ነው ብለው ተናገሩ።

ያ ጐረቤት ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖረ። አያታችን ልጅዋን የገደለባትን ቀማኛ እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለችውም፤ እኛም በዚህ አንፈርድባትም፤ የእናት ሐዘን እናት ብቻ የምታውቀው ነውና። ነገር ግን በማኅበር ቀን ጐረቤቱ በበሯ ሲገባ ባየች ጊዜ ሁሉ እጅዋን አፏ ላይ ጭና ዝም ትል ነበር። እርስዋ ስታርፍ አስክሬንዋን ከተሸከሙት አንዱ እርሱ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። የሞት ፍርድ ትልቁ ጕድለት፥ እኛ እንደሚመስለን፥ ንጋቱን መከልከሉ ነው። ዳኛ በእስራት ቢሳሳት በሩን ይከፍታል፤ በገንዘብ ቢሳሳት ይመልሳል። በነፍስ የተሳሳተ ዳኛ ግን ምን ይመልሳል? «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ እህል ቢፈስ ይለቀማል፤ ደም ቢፈስ ማን ይለቅመዋል?

በዚህ ላይ የሚነሡ ክርክሮች እንዳሉ እናውቃለን። አንደኛው «ሰይፍ ካልተፈራ ገዳይ ይበዛል» የሚለው ነው። ነገር ግን ካናዳ የሞት ቅጣትን በ1976 እ.ኤ.አ. ካስቀረች በኋላ ባሉት ዓሥርት ዓመታት ነፍስ ግድያ ቀነሰ እንጂ አልበዛም። ወንጀለኛን የሚያስፈራው የቅጣቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን መያዙን ማወቁ ነው፤ አልያዝም ብሎ የሚወጣ ሰው ስቅላትንም እስራትንም አያስባቸውም።

ሁለተኛው ከመጽሐፍ የሚጠቀስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሹም ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ አስተምሯል። እኛም ይህን አንክድም፤ ሹም ክፉውን ሊከለክል፥ ደካማውን ሊጠብቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሰይፍ መታጠቅ አንድ ነገር ነው፥ መምዘዝ ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱ ካህን እጁ በደም የተነካ እንደ ሆነ ከመቅደስ ያርቀዋል። ሕያው ሥጋና ደም የሚያቀብል እጅ የሰው ደም እንዳይነካው የጠነቀቀች እናት፥ ልጆችዋ «ይሰቀል» እያሉ ሲጮኹ ደስ ይላታል ለማለት አንደፍርም።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ያች ተማሪ ያነሣችው፦ የተገደለው የአንተ ወንድም ቢሆንስ? እዚህ ላይ የሚያፈርስ መልስ አናቀርብም፤ የተበደለ ሰው ቍጣ የፍትሕ ጥማት ነውና። ዳሩ ግን ሚዛኑ ለሁሉ እኩል መሆኑንም መጠየቅ አለብን። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንጀራ ፍለጋ በሄዱበት በሳዑዲ ዐረብያ በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ300 በላይ ሰዎች በሞት ሲቀጡ ከነርሱ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። በሰው አገር፥ በማያውቀው ቋንቋ፥ ገንዘብና ዘመድ ሳይኖረው ከዳኛ ፊት የሚቆም ድኻ፥ ጠበቃ ገዝቶ ከሚቆመው ባለጸጋ ጋራ እኩል ይሰማል ብሎ የሚምል ማን ነው? በየአገሩ የሞት ፍርድ ድኻውን ቶሎ ያገኘዋል።

በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሞት ቅጣትን ከሕጋቸው ፈጽመው ያስወገዱ አገሮች 113 ደርሰዋል። ከነርሱ አንዷ በ1994 እ.ኤ.አ. ያን ታላቅ እልቂት ያየችው ርዋንዳ ናት። በ1998 እ.ኤ.አ. 22 ሰዎችን በሕዝብ ፊት አስረሽና ነበር፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ግን ቅጣቱን ከሕጓ ሠረዘች። ይህን ያህል ደም የፈሰሰባት አገር ሰይፉን ወደ ሰገባው ከመለሰች ሌላው አይችልም ለማለት ይከብዳል።

በእኛም አገር አንድ የሚታሰብ ነገር ሆኗል። በደርግ ዘመን በፈጸሙት ግፍ ሞት የተፈረደባቸው 23 ባለሥልጣኖች ነበሩ። የሃይማኖት መሪዎች፥ ከነርሱም ጋራ ቤተ ክርስቲያናችን፥ ስለ ነፍሳቸው ለመኑ፤ በ2003 ዓ.ም. ርእሰ ብሔሩ የሞቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። ፓትርያርኳ በዚያ መንግሥት የተገደለባት ቤተ ክርስቲያን የገዳዮቹ ነፍስ እንዳትጠፋ ለመነች ማለት ነው። ይህ ያላስደሰታቸው የሟች ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ ሐዘናቸውም ይከበራል። ነገር ግን ያለ ፍርድ የገደሉት ሰዎች በፍርድ ቆመው፥ ተከራክረው፥ ተፈርዶባቸው፥ ነፍሳቸው ቀረላቸው። እነርሱ ለሌላው የነፈጉትን ጊዜ ሕግ ለነርሱ ሰጣቸው። በዚህም ሕጉ ከነርሱ ተሻለ እንጂ አላነሰም።

ጊዜ ለእውነት ብቻ ሳይሆን ለንስሐም ያስፈልጋል። በጌታችን ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የተፈረደበት ለሠራው ሥራ እንደ ሆነ ራሱ አምኗል፤ ነገር ግን ወደ ገነት የገባው በቀሩት በጥቂት ሰዓቶች ነው። ለአንድ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚበቃው እኛ አናውቅም፤ የማናውቀውን ልንቈርጥ አይገባንም። ነፍሰ ገዳይ ይታሰር፤ ሕዝብ ከእርሱ ይጠበቅ፤ የበደለውን ያህል ይካስ፤ የቀረውን ዕድሜውን ግን ለሰጠው እንተውለት።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች፥ ክፉ ወሬ በቤታችሁ በተሰማ ጊዜ፥ ልጆቻችሁ ከአፋችሁ መጀመሪያ የሚሰሙት ቃል «ይሰቀል» እንዳይሆን እንለምናለን። «እውነቱ ይጣራ፤ የተበደለው ይካስ» ይሁን። ይሰቀል ማለት ምንም አያስከፍልም፤ ብለን እንተኛለን። የሟቹን ልጆች ማሳደግ፥ የአዝመራቸውን እርሻ ማረስ፥ ከአርባውና ከሙት ዓመቱ በኋላም ባልቴቲቱን መጠየቅ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ስንቱ ቤት ገዳዩ ተፈርዶበት ሕዝቡ በተበተነ ማግስት ብቻውን ቀርቷል! ለሟች ወገን ነን የምንል ከሆነ የሟቹ ቤት ጭስ መውጣቱን ጧት ጧት እንይ። ልዑል እግዚአብሔር ለዳኞቻችን ቅን ፍርድን፥ ለተበደሉት መጽናናትን፥ ለበደሉትም ንስሐን ይስጥልን።